ዝም ያለ ሥራ ይዟል

«የለም» የሚባል ቃል በዚያ ቢሮ ክልክል ነው። ሥራ የለም፣ ቦታ የለም፣ ክፍት የለም ብሎ አፍ አውጥቶ የተናገረ አማካሪ በማግስቱ ኃላፊው ፊት ቆሞ ይገሠጻል። ቤቱ የሕዝብ ነው፤ ምን ልማር፣ ምን ልሥራ፣ ወዴት ልበል ብሎ ግራ የገባው ሁሉ በነጻ ገብቶ የሚመከርበት። ስለዚህ የመጣ ሰው ሁሉ «ቀጣይ እርምጃ» ሳይሰጠው አይወጣም። እርምጃው የት እንደሚያደርስ ግን ጠያቂ የለውም፤ ቢኖረውም እዚያ ቤት መልስ አያገኝም።

ሁለተኛው መስኮት ላይ የምትቀመጠውን ሴትዮ ሰው ሁሉ እትዬ አይዞህ ይላታል። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ለገባ ለወጣው «አይዞህ፣ አይዞሽ» ስትል ኖራ ቃሉ ስሟን ገፍቶ ቦታውን ያዘ። ደልደል ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «መነጽሬን አያችሁ?» የምትል፣ ባለጉዳይ ሲያለቅስባት መሀረቧን ለእሱ ሰጥታ በእጅጌዋ የምትጠርግ ሴት ናት። ክፋት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ይሄ አስቀድሞ ይታወቅላት፤ ኋላ የሚመጣው ሁሉ ከክፋት የመጣ እንዳይመስል።

ሦስተኛው መስኮት ላይ ሎጋው አለ። ትራስ ላይ ትራስ ደርቦ ካልተቀመጠ ከመስኮቱ በላይ ጭራሽ አይታይም፤ ይሄን አይቶ ሎጋው ብሎ ስም ያወጣለት አንድ የተረገመ ዘበኛ ነው። አንደኛው መስኮት ባዶውን ነው። እዚያ የነበረችው ሴት ጡረታ ከወጣች ወዲህ በምትኳ የሚቀጠር ሰው ጠፋ ተባለ፤ ከመስኮቱ ማዶ ያለው አዳራሽ ሥራ ፈላጊ ጢም ብሎበት ሳለ። ሎጋው ይሄን ባሰበው ቁጥር ሆዱን ይዞ ይስቃል። እትዬ አይዞህን ግን አያስቃትም።

አዳራሹ ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው፣ ግድግዳው እስከ ወገብ በቀለም እስከ ላይ ደግሞ በፎቶ የተሸፈነ ነው። ፎቶዎቹ ቀንቷቸው ተመልሰው ያመሰገኑ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ይስቃሉ። ከሥራቸው ባሉት አግዳሚዎች ላይ የሚቀመጠው ሕዝብ ደግሞ አይስቅም። እያንዳንዱ ሰው እጁ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት አለች፤ ከጣሪያው ሥር ካለው ስፒከር አንዲት ሴት «ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ወደ መስኮት ሁለት» ትላለች። ባለቁጥሩ ካልተነሣ አንድ ጊዜ ትደግምለታለች። ሁለቴ ተጠርቶ ያልቀረበ አለፈው፤ ሌላ ቀን መጥቶ እንደ አዲስ ይሰለፋል። በዚህ ላይ ልመናም ቁጣም አይሠራም፣ ማሽን ነው።

የስፒከሩ ድምፅ የእትዬ አይዞህ ነው። ማሽኑ የተገዛ ሰሞን ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ ባለሙያዎች የሠራተኛውን ሁሉ ድምፅ ሰምተው የእሷን መረጡ፤ «የእናት ድምፅ ነው» አሉ። ዕቃ ቤት አስገብተው፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ አስነበቧት። ሠላሳዎቹ ላይ ስትደርስ ጉሮሮዋ ደረቀና ድምፅዋ ጎረነነ። አርባ ላይ ውኃ አመጡላት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጥርት ያለ ነው። «ሠላሳዎቹ ይደገሙ» ብትላቸው «ምን ችግር አለው፣ ቁጥር አይደል» አሏት። ያው ድምፅ በየከተማው ባሉ ቅርንጫፎች ሁሉ ተገጠመ። ይኸው ከዚያ ወዲህ በማታውቀው ከተማ፣ በማታውቀው አዳራሽ፣ የማታውቀውን ሰው ስትጠራ ትውላለች። ለድካሟም አንድ የግድግዳ ሰዓት ተሰጣት፤ እሱም ወደ ኋላ ይቀራል።

ነገሩ ቤቷ ውስጥ መሳቂያ ነበር። ልጇ ያኔ ትንሽ ነው። ለምሳ ስትጠራው በር ኋላ ተደብቆ «ገና አንዴ ነው የጠራሽኝ፤ ሁለቴ ካልሆነ አላልፍም» ይላታል። እሷም ድምፅዋን እንደ ማሽኑ አድርጋ «ቁጥር አንድ፣ ወደ ጠረጴዛ» ስትል እሱና አባቱ በሳቅ ይፈርሳሉ። አባትየው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ «እኔ ቁጥር ስንት ነኝ ታዲያ?» ይላል፤ ሁልጊዜ መጨረሻው ቁጥር ይሰጠዋል። ልጁ አንድ ልጃቸው ነው። ከእሱ በፊት የመጡት አልቆዩም፣ ከእሱ በኋላ የመጣ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቢሮው የመከረው ሰው ሥራ መያዝ አለመያዙን በምን ያውቃል? መጀመሪያ ሰሞን አማካሪዎቹ እየደወሉ ይጠይቁ ነበር። ኋላ ሰዉ በዛ፣ ጊዜው አጠረ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ ሪፖርት አምጡ እያለ ወጥሮ ያዘ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ አንድ ቀን ሲጨንቀው «ሥራ ያላገኘ መቼም ተመልሶ መጥቶ ማስቸገሩ አይቀርም፤ ዝም ያለ ሥራ ይዟል ማለት ነው» አለ። እንደ ቀልድ ነው የተናገረው። ሰውዬው ተዛወረ፣ ቀልዱ ግን እዚያው ቀረ፤ ውሎ አድሮም ደንብ ሆነ። ስድስት ወር ድምፁን ያጠፋ ሰው ሁሉ ሥራ ከያዙት ጋር ይደመራል። አሁን ያለው ኃላፊ፣ ጋሽ ግራፍ የሚሉት፣ በዚያ ድምር የተሠራ ሥዕል ክፍሉ ውስጥ ለጥፏል፤ አረንጓዴ መስመር ነው፣ ሽቅብ ይወጣል እንጂ አንድ ቀን ዝቅ ብሎ አያውቅም። ጋሽ ግራፍ ከሚስቱ ተጣልቶ በመጣ ቀን ሁሉ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ይቀመጣል።

ታዲያ ማን ነው ተመልሶ የሚመጣው? የቀናው ነዋ። አዲስ ጫማ አድርጎ፣ ኬክ አስጠቅልሎ፣ በሩ ላይ ዘበኛውን አቅፎ ይገባል፤ ፎቶ ይነሣል። ያልቀናው በየትኛው ዓይኑ ይምጣ? አይዞህ ብላ የሸኘችው ሴት ፊት ባዶ እጁን ለመቆም ማን ወገብ አለው? እቤቱ ተኮራምቶ ይቀመጣል፣ ወይ አገር ይለቃል። ስለዚህ እነዚህ አማካሪዎች በሃያ ዓመት ውስጥ ተመልሶ ሲመጣ ዓይናቸው ያየው ደስ ያለውን ሰው ብቻ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ቅየሳ ተምሮ የመንገድ ሥራ ድርጅት የገባ ጎረምሳ ኬክ ይዞ መጣ። በዓመቱ ሌላ ቀያሽ ደግሞ ከፊተኛው የበለጠ ኬክ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲያ ቢሮው በቅየሳ አበደ። ሒሳብ የሚችል ቅየሳ ተባለ፤ ሒሳብ የማይችል ሒሳብ ተምሮ ቅየሳ ተባለ። እትዬ አይዞህ ያንን ባለሦስት እግር መሣሪያ በእጇ አየር ላይ እየሣለች ለስንቱ እንዳስረዳች እሷም አታውቀው። ቀያሽ ያለ እሱ መንገድ አይሠራም፣ ቤት አይቆምም ትላለች፤ እውነቷን ነው። ለአንድ መንገድ ስንት ቀያሽ እንደሚበቃ ግን አስባው አታውቅም።

ልጇ የሚወደው መስፋት ነበር። የአክስቱ የስፌት መኪና ሥር ነው ያደገው። የአባቱን የሥራ ሱሪ፣ ሆዱ በገፋ ቁጥር፣ በየዓመቱ እየፈታ የሚያሰፋው እሱ ነው፤ ስፌቱ የት እንደነበር ቢፈልጉት አይገኝም። ትምህርት ቤት የጨረሰ ጊዜ «እማዬ፣ ልብስ ስፌት ልማር» አላት። እሷም አሰበች። በኖረችበት ዘመን ሁሉ ኬክ ይዞ የመጣ ልብስ ሰፊ አይታ አታውቅም። አንድም። ልብስ ሰፊ ከመኪናው ተነሥቶ ኬክ ለመግዛት ጊዜ ያለው ይመስል። ይሄ ግን ያኔ አልመጣላትም።

ቢሮው ውስጥ ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ አማካሪ የሥጋ ዘመዱን አያማክርም። የሠራተኛ ልጅ ወይም ወንድም ሲመጣ ሌላው መስኮት ይቀበለዋል፣ አድልዎ እንዳይሆን ነው። ስለዚህ ልጇ እንደ ማንም ቁጥር ወስዶ፣ በእናቱ ድምፅ ተጠርቶ፣ ሎጋው ፊት ተቀመጠ። ከዚያ በፊት ግን እናትየው ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦዋን ለሎጋው እያካፈለች «ቅየሳ በለው፣ በሞቴ። እኔን አይሰማኝም፤ አንተን ግን ይሰማል» ብላዋለች። ሎጋውም አለው። ልጁም ሰማው። ከወንበሩ ሲነሣ ወደ ሁለተኛው መስኮት ዞር ብሎ እናቱን አያት፤ ነገሩ ገብቶታል። ምንም አላላትም ግን። ሲከፋው አይናገርም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓመሉ ነው።

ተማረ፣ ጨረሰ፣ ከዚያ ቤት ተቀመጠ። መጀመሪያ ላይ በየድርጅቱ ደጃፍ ሲንከራተት ይውልና ማታ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ወሬ እንዳይጠይቁት ቶሎ ይተኛል። ኋላ መውጣቱንም ተወው። አባትየው ከሥራ ሲመለስ ልጁ መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ ያገኘዋል፤ ሁለቱም አንገታቸውን ይደፋሉ። አንድ ቀን ልብሱን ሸከፈና «ሌላ ከተማ ሥራ አለ ብለውኛል» ብሎ ሄደ። በሳምንቱ ደወለ። «ሥራ ይዣለሁ» አለ።

ያን ዕለት አባትየው አውቶቡሱን እያፏጨ ሲነዳ ዋለ፤ ያልከፈለውንም ሰው አላወረደም። እትዬ አይዞህ ደግሞ ሎጋውን ከነወንበሩ አቅፋ ስትስመው ትራሱ ሁሉ ወለል ላይ ተበተነ። «አላልኩህም? ቅየሳ ነው ያዋጣው» እያለች ዋለች። የልጇ ፎቶ ግድግዳው ላይ እንዲሰቀል ጋሽ ግራፍን ጠይቃ ነበር፤ ልጁ ራሱ መጥቶ ካላመሰገነ አይሆንም አላት።

ልጁ አልመጣም። ስልኩም እየራቀ ሄደ። መጀመሪያ በሳምንት፣ ኋላ በወር፣ ኋላ ሲያሻው። ስትደውልለት «ሥራ ላይ ነኝ እማዬ፣ መልሼ ልደውል» ይላል፤ አይደውልም። ባሏ «እሁድ ሄደን አይተነው እንምጣ» ባለ ቁጥር የምትከለክለው እሷ ናት።

«ሥራ ላይ ያለ ልጅ አናስቸግር። ቀያሽ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ የት ብለን እናገኘዋለን?»

«ድምፁ ጠፋ እኮ፣ ሴትዮ።»

«ድምፁ ከጠፋ ሥራ በዝቶበታል ማለት ነው። ዝም ያለ ሥራ ይዟል።»

ባሏ ትኩር ብሎ ያያታል። «ይሄ የቢሮሽ ወሬ ነው የልጄ?» ይላታል። ያኔ የምታጥበው ዕቃ ባይኖርም ተነሥታ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ትሄዳለች። ማመን ነበረባት። ልጇ ሥራ ካልያዘ፣ ከሚወደው ነገር ነጥቃ ገደል የሰደደችው እሷ ናት፤ ይሄን ደግሞ ችላ የምትኖረው ነገር አልነበረም።

ባለፈው ሰሞን ዋናው መሥሪያ ቤት አዳዲስ አለቆች ገቡ። እነዚህ አረንጓዴውን መስመር አይተው አላመኑትም። «ዝም ላሉት ሁሉ ይደወልና ይጣራ» የሚል ትእዛዝ መጣ። ጋሽ ግራፍ ሁለቱን አማካሪዎች ጠርቶ ሲነግራቸው ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምንም ማለት አይደለም። ለማረጋገጥ ያህል ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብቻ ብዙ አትጠይቋቸው» አለ።

ሰዎቹ በየሙያቸው ተከፋፈሉ። ነርሶቹና ሒሳብ ሠራተኞቹ ለሎጋው ደረሱ፣ ቀያሾቹ ለእትዬ አይዞህ። ከቀያሾቹ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ተነጥሎ ወደ ሎጋው ተላለፈ፤ በልማዱ መሠረት።

አንዱ ባለጉዳይ ሲያስተናግድ ሌላው ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ይደውላል። እትዬ አይዞህ ስልኩን ስታነሣ ደስ ብሏት ነበር። የስንቱን ወሬ ልሰማ ነው አለች፤ ያገባም ይኖራል፣ የወለደም ይኖራል። የመጀመሪያው ሰውዬ ከየት እንደደወለች ስትነግረው «ተሳስተሻል» ብሎ ዘጋው። ሁለተኛው ሳቀ።

«ቅየሳ? ኧረ እትዬ፣ እኔ አሁን ጥበቃ ነኝ። አጥሩ የተንጋደደ ግቢ ነው የምጠብቀው፤ እሱን እያየሁ እውላለሁ።»

ሦስተኛው በትሕትና «ይቅርታ፣ አሁን አይመቸኝም» አለና ሳይዘጋው ቀርቶ፣ አጠገቡ ላለው ሰው «እነዚያ አማካሪዎች ናቸው» ሲል ሰማችው። እንዴት አድርጎ እንዳለው ብትሰሙት። አራተኛው ስልክ ላይ እናትየው ወጣች።

«ስልኩን ለኔ ትቶልኝ ነው የሄደው። ወዴት እንደሄደ አላውቅም» አለች ሴትዮዋ። «እናንተ ታውቃላችሁ? እናንተ አይደላችሁ የመከራችሁት?»

 እትዬ አይዞህ አፏ እንደለመደው «አይዞሽ፣ እናቴ» አለቻት።

 «አንዲት ሴት አይዞህ አለችኝ ብሎ፣ ፊቱ በርቶ መጥቶ ነበር ያን ጊዜ» አለች ሴትዮዋና ስልኩን ዘጋችው።

ያን ቀን ሙሉ ደወለች፣ በማግስቱም ደወለች። አንዱ ሸክም ይሸከማል። አንዱ የወንድሙ ሱቅ በረንዳ ላይ ይውላል፤ «እዚህ ተቀመጥ ብለውኝ ነው» አለ፣ ሌላ አልጨመረም። አንዱ ስታዋራው ማልቀስ ጀመረ፤ እሷም እንደ ልማዷ አብራው አለቀሰች፤ የሁለቱም እንባ አንድ ነገር አልፈየደም። በቅየሳ እንጀራ የበሉት እነዚያው ሁለቱ ባለኬኮች ሆነው ተገኙ። ከእነሱም አንዱ ድርጅቱ ፈርሶበት እቤቱ ነው፤ «ኬኩን ራሱ ተበድሬ ነበር የገዛሁት» ብሎ ቀለደባት።

ወደ ማታ ላይ ጋሽ ግራፍ ክፍል ገብታ ወንበር ሳትስብ ቆመች።

«ዝም ካሉት ቀያሽ የሆነ አንድም የለም» አለችው።

«እትዬ፣ የለም አይባል—» ብሎ ከልማድ ጀመረና ተወው። 

«ስልክ ያላነሡትንስ ምን እንበላቸው?» አለች።

ጋሽ ግራፍ ወደ አረንጓዴው መስመር ዞረ።  «ያላነሡትማ ዝም ብለዋል አይደል?» አለ ቀስ ብሎ። እትዬ አይዞህ ወጣች። በር ላይ ስትደርስ ቆማ አሰበች፤ ልጇ ያለው ከየትኞቹ ጋር ነው?

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሎጋው ከጠባቧ ክፍል ወጣ። ለልጇ ሊደውል እንደገባ ታውቃለች፤ ከጠዋት ጀምሮ በሩን ስታይ ነው የቆየችው። ሎጋው ቀጥ ብሎ ወደ ወንበሩ ሄዶ ትራሱን ማስተካከል ጀመረ።

«ደህና ነው። ሥራ ይዟል» አለ፣ ሳያያት።

ሎጋው ሲዋሽ እጁ ሥራ ይፈልጋል። ስንት ዓመት አብረው ተቀምጠው ይሄን አጥታው አይደለም።

«ምን ሥራ?»

«ቅየሳ ነዋ።»

«የት ድርጅት?»

«ብዙ አትጠይቁ ተብለን የለ እንዴ?» ብሎ ለመሳቅ ሞከረ። ሳቁ አልወጣለትም።

«ሎጋው፣ በልጆችህ። አናገርከው ወይስ አላናገርከውም?»

ትራሱን ለቀቀው። «አላነሣም» አለ። «ሦስቴ ደወልኩ። አላነሣም፣ እትዬ።»

የማያውቀው ቁጥር ስለሆነ ነው አለች በልቧ። የኔን ግን ያነሣል። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች፣ ስልኳን ይዛ በኋላ በር ወጣች። ከሕንፃው ጀርባ የውኃ ታንከር የቆመባት ጠባብ ሜዳ አለች፤ ሠራተኞቹ ሲከፋቸው የሚቆሙባት ናት። የአዳራሹ ጫጫታም የስፒከሩ ጥሪም እዚያ አይደርስም። ታንከሩን ተደግፋ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፤ ሊቋረጥ ሲል ተነሣ።

«አቤት እማዬ።»

ሰውነቷ ሁሉ ቀለላት። «ደህና ነህ የኔ አባት? ምነው ድምፅህ?»

«ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

«ሜዳ ላይ ናችሁ?»

«አዎ፣ ሜዳ ላይ ነን። መሣሪያውን ተክለን ነው።»

«ፀሐዩ አይጎዳህም? ቆብህን አድርግ።»

«አድርጌያለሁ።»

«አባትህ እሁድ እንምጣ ይላል። እኔ ነኝ የምከለክለው፤ ሥራ ላይ ነው፣ አናስቸግረው እያልኩ።»

«ጥሩ አደረግሽ እማዬ። አሁን አይመችም። ትንሽ ቆይታችሁ ትመጣላችሁ።»

ደስ ሊላት ጀምሮ ነበር። ግን ጆሮዋ አንድ ነገር ያዘ። ሜዳ ላይ ያለ ሰው ድምፅ እንዲህ አያስተጋባም። ከኋላው ሰው ያስላል፤ ሕፃን ይነጫነጫል፤ ወንበር ወለል ላይ ሲጎተት ይሰማል። እሷ ይሄን ጫጫታ በእንቅልፏም ታውቀዋለች። ገና ምን እንደሆነ ለራሷ ሳትነግረው ከልጇ ጀርባ አንዲት ሴት ተናገረች።

«ቁጥር ሠላሳ አራት፣ ወደ መስኮት አምስት።»

መጀመሪያ የራሷ ቢሮ ስፒከር መሰላት። ቀና ብላ ሕንፃውን አየች። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው፤ ደግሞስ እነሱ ቢሮ መስኮት አምስት የሚባል መቼ አለ? ድምፁ የመጣው ከስልኩ ውስጥ ነው። ደረቅ ያለ፣ ጎርነን ያለ፣ ውኃ ሳይጠጣ የተነበበ ሠላሳ።  ልጇ ሜዳ ላይ አይደለም፣ ሥራ ላይም አይደለም። በዚያ ከተማ የእነሱ ቅርንጫፍ አዳራሽ ውስጥ፣ ቁጥር ይዞ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ምን ልሥራ ብሎ ሊጠይቅ።

«እማዬ» አለ ልጁ ቸኩሎ። «አለቃዬ እየጠራኝ ነው። ልሂድ።»

ምን ትበለው? ይሄን ሁሉ ዓመት ለሰው ስታድለው የኖረችው ምክር የት እንደገባ ጠፋት። የታያት አንድ ነገር ብቻ ነው። የተጠራው የልጇ ቁጥር ነው፤ ሁለት ጥሪ ነው ያለው፣ አንዱ ሄዷል። ካለፈው ደግሞ ዛሬ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደተሰለፈ እግዜር ነው የሚያውቀው፣ ነገ እንደ አዲስ ሊሰለፍ ነው። ፈራችለት። እናት ናትና ሳታስበው አፏ ቀደማት።

«ቶሎ በል ልጄ፣ ሁለቴ ብቻ ነው የሚጠራው። እንዳያልፍህ።»

ያለችውን ራሷ የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ማዶ ጸጥ አለ። ስልኩ አልተዘጋም፤ ትንፋሹ ይሰማታል። ከትንፋሹ በስተጀርባ ያችው ሴት፣ ሳትቆጣ፣ ሳትቸኩል፣ በዚያ በእናት ድምፅዋ «ቁጥር ሠላሳ አራት፣ ወደ መስኮት አምስት» ብላ ደገመች።

«ተነሣ» አለች እትዬ አይዞህ። «ተነሣ የኔ አባት። እኔ ምንም አልልህም። አባትህም አይሰማም፣ ለማንም አልናገር። ተነሣ ብቻ።»

አልተነሣም። ማሽኑ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ «ቁጥር ሠላሳ አምስት» አለ፤ አንድ ሰው ከአጠገቡ ብድግ ብሎ እየተጣደፈ ሲያልፍ ሰማች። ልጇ እንደተቀመጠ ነው። አንድ ጊዜ ምራቁን ሲውጥ ተሰማት፤ ሊናገር ነው ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ደፍጥጣ ያዘችው። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ደግማ ብትደውል ዝግ ነው።

ምን ያህል እዚያ እንደቆመች አታውቅም። ሎጋው በኋላ በር ብቅ አለ።

«አገኘሽው? ምን አለሽ?»

«ዝም አለኝ» አለች።

«ዝም ካለማ—» ብሎ አፉ ከልማድ ጀመረለት። ቀሪውን ዋጠውና መሬት መሬት አየ። «ባለጉዳይ እየጠበቀሽ ነው» አላት።

ገባች። በአዳራሹ በኩል ስታልፍ የራሷ ድምፅ ከጣሪያው ሥር ወደ መስኮት ሁለት ሰው እየጠራ ነው፤ እንደዚያን ዕለት ጠልታው አታውቅም። ባዶ ወንበር ፊት ቆማ የምትጠብቅ አንዲት ልጅ አገኘች፤ ቁጥሯ እንዳያልፋት ሮጣ የመጣች ናት፣ ገና ታለከልካለች። እትዬ አይዞህ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷም ተቀመጠች፣ ፈገግ አለች፤ እዚህ ያለችው ሴት ደግ ናት ብለው የነገሯት ይመስላል።

«እኔ መቼም የምወደው ምግብ መሥራት ነው» አለች። «ግን የሚያዋጣው የቱ ነው፣ እትዬ? እርስዎ ያሉኝን እማራለሁ።»

እትዬ አይዞህ መነጽሯን ፈለገችው። ጠረጴዛውን ዳበሰች፣ መሳቢያውን ከፍታ አየች። ልጅቷ በትሕትና ወደ ግንባሯ ጠቆመቻት። ከዚያ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ፣ መልሱን ጠበቀች። እትዬ አይዞህ ዝም አለች።